ከሰባት በኋላ ያለችው ግማሽ

ማኅተም የሚሉት ሰው ፖስታ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ሲመታ ኖሯል። ቀኝ እጁ አንዴ ቀለሙ ላይ፣ አንዴ ቴምብሩ ላይ፤ ጠብ ደቅ፣ ጠብ ደቅ። በቀን አራት ሺህ ደብዳቤ ይመታ ነበር ይላሉ የሥራ ባልደረቦቹ። እሱ ግን መመጻደቅ ስለማይወድ ስድስት ሺህ ነው የሚለው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ከደመወዝ መክፈያው ወረቀት በቀር የሚያስታውሰው የለም። ሚስቱ እንኳ የምትጠራበት ስትቆጣ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሲሆን ይህ ሰው በባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለ ሆቴል ድራም ይመታ ነበር። የሆቴሉ ባንድ ለጡረተኞች የዳንስ ሙዚቃ ነበር የሚጫወተው። ጡረተኞቹ ከዝግታቸው የተነሳ አንድ ዘፈን ሲጀመር የተነሱ ጥንዶች አዳራሹን አንዴ ዞረው ሳይጨርሱ ሦስት ዘፈን ያልቅባቸዋል። ማንም አይቸኩልም፤ ሻይ አለ፣ ብስኩት አለ፣ ባንዱም ከተሳሳተ የሚሰማ ጆሮ ያለው ደንበኛ የለም።

የባንዱ መሪ ኦርጋን ተጫዋቹ ነው። የእንስሳት ሕክምና ሲማር ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጦ ስለወጣ ዶክተር ይሉታል። ከትምህርቱ የተረፈው ነገር ቢኖር ሰውን ሁሉ ለግዢ እንደቀረበ በቅሎ አገላብጦ የሚያይበት ዓይኑ ነው። ጊታር ተጫዋቹ ደግሞ ሽቦ ነው የሚባለው። ጊታሩን ሲያነግት ጊታሩ እሱን ያነገተው ይመስላል።

አንድ ቅዳሜ ዶክተር ሁለት ሸክላ በብብቱ ይዞ መጣ። አንዱ ጃዝ፣ አንዱ ሮክ።

“ከዛሬ ጀምሮ ዋልዝ የሚባል ነገር የለም” አለ። “እነዚህን ሁለቱን እናጋባለን።”

“ቤተሰብ ተጠይቋል?” አለ ሽቦ።

“አንተ ጊታርህን ኤሌክትሪክ ላይ ሰካ።”

“ሰክቼስ?”

“የመጣልህን ተጫወት።”

“በዚህ ሰዓት የሚመጣልኝ ራብ ነው።”

ዶክተር ኮስተር ብሎ አንድ ዜማ ዘረጋላቸው። ምቱ እንደ ዋልዝ ሦስት፣ እንደ ሮክ አራት አይደለም፤ ሰባት ነው። አንድ፣ ሁለት እያሉ ሰባት ይደርሱና ይመለሳሉ። ማኅተም የድራም ዱላዎቹን አነሣ። ደብዳቤ የሚመታ ሰው በሰባት ምታ ቢሉት በሰባት፣ በአሥራ ሦስት ቢሉት በአሥራ ሦስት ይመታል።

እዚህ ላይ ስለ ወንበሩ መናገር ግድ ነው። የድራሙን በርጩማ ሆቴሉ ለእንግዳ መቀበያው ወስዶት ነበርና ማኅተም የሚቀመጠው ከፖስታ ቤት ባመጣው ወንበር ላይ ነው። አጭር መደገፊያ ያላት፣ የጸሐፊ ወንበር ናት። የንብረት ክፍሉ “አገልግሎት የማትሰጥ” ብሎ ስለጻፈባት በፊርማ ወስዷታል። የፊተኛው ቀኝ እግሯ ላልቶ ከሌሎቹም ጥቂት አጥሯል። ማኅተም ትልቁን ሲምባል ለመምታት ወደ ቀኝ ባዘነበለ ቁጥር ወንበሯም አብራው ታዘነብልና እግሯ ወለሉን ቂጭ ታደርጋለች። ተመልሶ ቀጥ እስኪል የሚቀጥለው ምት የግማሽ ያህል ይዘገያል። ትልቁ ሲምባል ደግሞ የሚመታው ሰባት ላይ ነው። ስለዚህ ባንዱ ሰባት ይቆጥራል፤ ከዚያ ባዶ ላይ ትንሽ ይንጠለጠላል፤ ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ይወድቃል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የሆነው እንዲህ ነው። በዚያ መንጠልጠያ ላይ አንድ የጉምሩክ ጡረተኛ እግሩን አንሥቶ የት እንደሚያሳርፈው ጠፋበት። መጨረሻ ላይ ያሳረፈው ሚስቱ ጣት ላይ ነበር። ከኋላቸው የነበሩት ጥንዶች እነሱ ላይ፣ ከእነሱ ኋላ የነበሩትም እነዚያ ላይ ተደረደሩ። አስተናጋጁ የብስኩት ሳህን እንደያዘ መሐል ገባ፤ ያ ብስኩት እስከ ዛሬ አልተገኘም። በሚቀጥለው ሳምንት አንድም ጡረተኛ አልመጣም። በምትካቸው ወሬውን የሰሙ ተማሪዎች አዳራሹን ሞሉት። ተማሪ መቼም አይደንስም፤ ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ይነቀንቃል። ሰባት ላይ ሲደርሱ አዳራሹ በሙሉ ትንፋሹን ይይዛል፤ ግማሿ ስትወድቅ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይተነፍሳል። መጋረጃው ይወዛወዝ ነበር የሚሉም አሉ።

ከዚያ በኋላ ባለው ልምምድ ዶክተር ኦርጋኑን አቁሞ ወደ ድራሙ መጣ።

“ማኅተም፣ ያቺን ምን ብለህ ነው የምትቆጥራት?”

“የቷን?”

“ከሰባት በኋላ ያለችውን ግማሽ።”

“አልቆጥራትም። ራሷ ነች የምትመጣው።”

ዶክተር ይህን ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጽፎ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረበት።

ባንዱ ስሙን ሰባት ተኩል አለ። ማስታወቂያው ሲለጠፍ ከሕዝቡ ግማሹ የመግቢያ ሰዓት መስሎት በምሳ ሰዓት መጥቶ በር ላይ ተሰልፏል። ሸክላ ታተመ። አንድ ጋዜጠኛ “የዘመኑ ሰው ሲራመድ ነፍሱ ወደ ኋላ የምትቀርባት ስንዝር” ብሎ ጻፈ። ምን ማለቱ እንደሆነ ጠይቀውት እሱም እያሰበበት ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ሰው ስለ ግማሿ የአርባ ገጽ ጥናት አቀረበ። የጥንት ፈላስፎች አሉበት፣ የልብ ሕክምና አለበት፣ የከዋክብት አቀማመጥ አለበት። ወንበር የሚል ቃል ግን ከአርባው ገጽ አንዱም ላይ የለም።

ዘጠኝ ዓመት እንዲህ አለፈ። ማኅተም የሚመታው ደብዳቤ የሰው ነው፤ መምቻው የመሥሪያ ቤቱ፣ የሚኖርበት ቤት የኪራይ፣ ኮቱ እንኳ የታላቅ ወንድሙ ነበር። በዚህ ዓለም የእኔ ነው የሚለው ያቺን ግማሽ ብቻ ነው። መንገድ ላይ የማያውቀው ሰው “ግማሿ” ብሎ ሲጠራው ጆሮው ቀልቶ፣ አንገቱን ሰብሮ ያልፋል። ቤቱ ሲደርስ ግን ለሚስቱ ይነግራታል። ሦስት ሰው ከጠራው አሥራ አምስት ነው የሚላት።

ሚስቱ ሶፋ ቤት ነው የምትሠራው። የተቀደደውን ታለብሳለች፣ የላላውን ታጠብቃለች። አንድ ወንበር በጣቷ ገፋ አድርጋ ዕድሜውን፣ የሠራውን አናጢ ጠባይ፣ ማን ማን እንደተቀመጠበት ትናገራለች ይባልላታል። የባሏ ወገብ ዘጠኝ ዓመት ወደ ቀኝ ሲያዘነብል ኖሮ ጠምሞ ነበር። ከአልጋ ሲነሳ ሲያቃስት ትሰማለች። ሁለተኛው ሸክላ ሊቀዳ አንድ ሳምንት ሲቀረው ማንንም ሳታማክር ሆቴል ሄደች፤ ወንበሯን ከዘበኛው ተቀብላ ወደ ሥራ ቦታዋ ወሰደቻት።

ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስተኛቻት። የላላውን እግር ነቀለች፣ የጎደለውን ቀጠለች፣ በኮላና በቪት አሰረች። መቀመጫውን አዲስ ስፖንጅ ሞልታ ቡናማ ቆዳ አለበሰችው። ዳር ዳሩን፣ ለሀብታም ደንበኛ ብቻ የምታወጣውን ድርብ ስፌት ሰፋችበት። መጨረሻ ላይ ውኃ ልኳን አስቀምጣ አየች። አረፋዋ መሐል ላይ ቆማ ወዴትም አልንቀሳቀስ አለች።

ወንበሯን ቤት ይዛት ስትገባ ማኅተም ሻይ እየጠጣ ነበር።

“ይቺ የኔዋ ናት?”

“የማን ልትሆን ኖሯል? ተቀመጥባት።”

ተቀመጠ። ቀስ ብሎ ወደ ቀኝ አዘነበለ። ወንበሯ እንደ ባንክ ሕንፃ ቆማለች። አጎንብሶ ወለሉን ትንሽ አየው።

“ምነው፣ ቆረቆረህ?”

“ኧረ። ሚኒስትር አደረግሽኝ እኮ” አለ። “እጅሽ ይባረክ።”

ቀረጻው ላይ ሰባት ቆጠሩ። ግማሿ አልመጣችም። ሽቦ ሊጠብቃት ባዶው ላይ ተንጠለጠለ፤ ማኅተም አልፎት ሄደ፤ ዶክተር በሁለቱ መሐል ወደቀ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደዚያው። አሥራ አንድ ጊዜ ሞከሩ።

“ማኅተም፣ ግማሿስ?” አለ ዶክተር።

“አልመጣችም።”

“አክስትህ ናት እንዴ፣ ሲላት የምትመጣ ሲላት የምትቀር?” አለ ሽቦ።

ያኔ የግማሿ ፍለጋ ተጀመረ። ሲምባሉ ተለወጠ። የድራሙ ቆዳ ተለወጠ። ጫማው ነው ተብሎ በካልሲ፣ ካልሲው ነው ተብሎ በባዶ እግሩ መታ። ዶክተር የተማረውን ሁሉ አውጥቶ የዓይኑን ቆብ ገልጦ አየ፣ ጥርሱን አየ፣ ሆዱን በጡጫ መታ መታ አድርጎ አዳመጠ። ድርቆሽ አልሰጠውም እንጂ ያላደረገው የለም። ማኅተም ወንበሯ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ቻለ። ሰባት ላይ ሲደርስ እጁን አየር ላይ ሊያቆይ ይሞክራል። ግን ወይ ትረዝምበታለች፣ ወይ ታጥርበታለች። ሲያስብባት ትሞታለች።

ፖስታ ቤትም ይለማመድ ጀመር። ሰባት ደብዳቤ ደህና አድርጎ ይመታና ስምንተኛው ላይ እጁን ያንጠለጥላል። በሳምንቱ ከስምንት ደብዳቤ አንዱ ግማሽ ማኅተም ብቻ ይዞ እየሄደ አቤቱታ መጣ። አለቃው አስጠራው።

“ስማ አንተ ሰውዬ፣ ግማሽ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ግማሽ መንገድ ሄዶ ይቁም?”

“አይ፣ ጌታዬ።”

“ታዲያ ሰዉ እንዲህ ብሎ ነው የሚጽፍልኝ። እጅህን ምን ነካው?”

“ልምምድ ላይ ነኝ።”

“እዚህ ሥራ ላይ ሃያ ዓመት ልትሞላ ነው እኮ፤ አሁን ነው የምትለማመደው?”

ከሦስት ሳምንት በኋላ ዶክተር ካፌ ቀጠረው። ሻይ አዘዘለት፣ ስኳሩንም ራሱ ጨመረለት። ዶክተር ለሰው ስኳር ሲጨምር አይቶ የማያውቀው ማኅተም ነገሩ ገባው።

“ትንሽ እረፍት ውሰድ” አለው ዶክተር።

“እስከ መቼ?”

“እስክትመለስ።”

“ማ? እኔ ወይስ እሷ?”

“ሁለታችሁም።” ዶክተር ሻይውን አማሰለ። “አንድ የሙዚቃ መምህር አለ። በወረቀት ጽፎ የሚመታ ልጅ ነው። እስከዚያ እሱ ይሸፍንልናል።”

ማኅተም ዱላዎቹን ሊወስድ ሆቴል ሲሄድ ሽቦ በር ላይ አገኘው። ሽቦ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀልደው ጠፍቶበት ቆሞ ነበር።

“ወንበርህንስ አትወስድም?”

“ለተተኪው ትሁን። በጣም ትመቻለች።”

ከዚያ ወዲያ ቤቱ የሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የሶፋውን ክንድ በጣቶቹ ይመታል። ሰባት፣ ከዚያ ዝም። ሰባት፣ ከዚያ ዝም። የሶፋው ጨርቅ እዚያ ቦታ ላይ እየሳሳ ይበሳል፤ ሚስቱ ትለውጠዋለች፤ እንደገና ይበሳል። “አንድ ቀን መልሰው ይጠሩኛል” ይላት ነበር። “አንድ ጊዜ ብቻ ደህና አድርጌ ባገኛት ይበቃኛል፤ ከዚያ ራሴ እተወዋለሁ።”

አንድ እሑድ እሱ ተረኛ ሆኖ ሥራ ገብቶ ሳለ ሚስቱ የመጀመሪያውን ሸክላ ከፍታ ልብስ ትተኩስ ነበር። ድሮ የምትሰማው እንደ ሰው ሁሉ ነው። የዚያን ቀን ግን ሰባት ሲሞላ፣ ከሲምባሉ ሥር፣ አንድ ድምፅ ሰማች። ቂጭ። ካውያውን ሸሚዙ ላይ እንደተወችው ቆመች። መርፌውን ወደ ኋላ መልሳ እንደገና ሰማች። ቂጭ። የላላ እግር ወለል ሲነካ የሚያሰማውን ድምፅ የእናቷን ድምፅ ከምታውቀው በላይ ታውቀዋለች። ካውያው የማኅተምን ሸሚዝ ደረቱ ላይ በስቶ፣ እስከ ማስተኮሻው ብርድ ልብስ ደረሰ።

ማታ ልትነግረው አፏን ከፈተች። እሱ ቀደማት።

“ሁሉም ፊቱን ሲያዞርብኝ” አለ፣ “ለኔ ደህና ነገር አስቦ አንድ ነገር የሠራልኝ አንቺ ብቻ ነሽ።”

አፏን ዘጋች።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ትንሿን መጋዝ ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ሆቴል ሄደች። ወንበሯ ያው ከድራሙ ኋላ ናት። የቱ እግር እንደነበረ ለማስታወስ ዓይኗን ጨፈነች። ጠረጴዛዋ ታያት፣ ወንበሯ ታየቻት፣ የነቀለችው እግርም ታያት። በግራ በኩል ነበር። የግራውን የጣት ውፍረት ያህል ቆረጠች፤ ማሰሪያውንም ትንሽ አላላች። እጇ ለማስተካከል እንጂ ለማበላሸት ያልተፈጠረ ስለሆነ መጋዙ ሁለት ጊዜ አመለጣትና እግሩ ላይ ሁለት ጭረት ጣለ። ተቀምጣ ሞከረቻት። ቂጭ አለች።

ዶክተር በሩ ላይ ቆሞ ያያት ነበር።

“ምን እየሠራሽ ነው፣ እመቤት?”

ነገረችው። ከእሑዱ ካውያ ጀምሮ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። “ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዶክተር። እሱ ምንም አላጠፋም። ይጥሩት፤ በዚህች ላይ ይቀመጥ፤ ታዩታላችሁ።”

ዶክተር ወንበሯን ዞረ። በአራቱም በኩል እንደ በቅሎ አያት።

“ይህን ለማን ነግረሻል?”

“ለማንም።”

“እሱስ ያውቃል?”

“አያውቅም።”

“እንግዲያው አትንገሪው” አለ ዶክተር፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “እስኪ አስቢው፣ እህቴ። ዛሬ ሰው የሚለው፣ ‘ትልቅ ድራመር ነበር፣ እጁ ደከመ’ ነው። ነገሩ ከወጣ ግን፣ ‘ድራሙን ይመታ የነበረው ወንበሩ ነው’ ይሉታል። ፖስታ ቤት፣ ሰፈር፣ አውቶቡስ ውስጥ። ባልሽን ታውቂዋለሽ። ይችለዋል?”

ባሏን ታውቀዋለች። አይችለውም። መጋዟን ቦርሳዋ ውስጥ መልሳ ሄደች።

ዶክተር እሷ በር ከመውጣቷ መምህሩን ጠርቶ ወንበሯ ላይ አስቀመጠው። መምህሩ ወረቀቱን ዘርግቶ ጀመረ። አራተኛው ዙር ላይ ከነወንበሯ ወደ ግራ ተገልብጦ፣ ትንሹን ድራም አቅፎ፣ ሽቦ እግር ሥር አረፈ። ሲምባሉ ብቻውን እየተንከባለለ እንግዳ መቀበያው ድረስ ሄዶ ቁልፍ ጠየቀ ብለው ያወራሉ። ዶክተር ያን ቀን ሁለት ነገር ወሰነ። መምህሩ በደህና በርጩማ ላይ ተቀምጦ ግማሿን ከወረቀት ያንብብ። ወንበሯ ደግሞ በጨርቅ ተጠቅልላ ትቀመጥ።

ከዚያማ ባንዱ አደገ። ሦስተኛው ሸክላ ላይ የድራም ማሽን ገባ። ማሽኑ ግማሿን እንደ ሒሳብ ሠንጠረዥ ሳይዛነፍ ይመታታል፤ ትንፋሹን የሚይዝላት ግን አልተገኘም። አራተኛው ላይ ግማሿ ለአድማጭ አትመችም ተብላ ወጣች፤ ባንዱ ግን ስሙን ሰባት ተኩል እንዳለ ቀጠለ። በአምስተኛው ሽቦ ጥሎ ወጥቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ መጠገኛ ከፈተ። ቀጥሎ የባንዱ ሙዚቃ ለሳሙና ማስታወቂያ ሆነ። በመጨረሻም ባንክ ደውላችሁ “እባክዎ በመስመር ላይ ይቆዩ” ስትባሉ የምትሰሙት እሱ ነው። ማኅተም አንድ ቀን የባንኩን ስልክ ጆሮው ላይ አድርጎ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ፣ ሠራተኛዋ ስታነሳለት ዘጋባት።

ሃያ ሁለት ዓመት አለፈ። ማኅተም ጡረታ ከወጣ በኋላ አንድ ፖስታ ደረሰው። መጀመሪያ ያየው ማኅተሙን ነው። ጠምሞ ተመትቷል። “የዛሬ ልጆች” ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ከፈተው። ሰባት ተኩል ባንድ የተመሠረተበትን በዓል በዐውደ ርዕይና በኮንሰርት ያከብራል፤ በክብር እንግድነት እንዲገኝ ይለምናል። ከታች ዶክተር በእጁ ጽፏል፦ “ዱላህን ይዘህ ና።”

ማኅተም ያን ሳምንት ወደ ልጅነቱ ተመለሰ። ኮቱን አስተኮሰ። ዱላዎቹን ከአልጋ ሥር አውጥቶ ወለወለ። “አላልኩሽም?” ይላታል በየሰዓቱ። “መልሰው ይጠሩኛል አላልኩሽም?” ሚስቱ “ብለኸኛል” ትለዋለች። የሶፋውን ክንድ ያን ሳምንት ሁለት ጊዜ ለወጠችው።

እሑድ ጠዋት ሄዱ። ዶክተር ሽበታም ሆኗል፤ አንድ ዩኒቨርሲቲም የክብር ዶክትሬት ስለሰጠው አሁን ዶክተር ሲሉት ይቆጣል፤ የተከበሩ ዶክተር ነው የሚባለው። ግድግዳው ላይ ፎቶዎች አሉ፣ ሸክላዎች አሉ፣ የጋዜጣ ቁራጮች አሉ። አዳራሹ መሐል ላይ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ፣ መብራት በርቶባት፣ ወንበሯ ተቀምጣለች። ከሥሯ ጽሑፍ አለ፦ “የምት ወንበር። የባንዱ መሪ ግማሿን ለመፍጠር ራሳቸው አስልተው የሠሯት።”

ማኅተም መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ወንበሯን አየ። ቡናማው ቆዳ ነበር። ድርብ ስፌቱ ነበር። የግራው እግር ተቆርጧል፤ ከቁራጩ በላይ፣ መጋዝ ያመለጠው እጅ የጣላቸው ሁለት ጭረቶች አሉ። ቀና ብሎ ሚስቱን አየ። ሚስቱ ግድግዳው ላይ ያለ የሳሙና ማስታወቂያ እያነበበች ነበር። ማስታወቂያው ላይ ያለው ጽሑፍ አራት ቃል ነው፤ አንብባ አልጨረሰችውም።

“ታዳሚዎቻችን” አለ ዶክተር በድምፅ ማጉያው፣ “ዛሬ የመጀመሪያው ድራመራችን ከወንበሯ ጋር ይገናኛል።”

ሣጥኑን ለመክፈት ሦስት ዘበኛና ሁለት ፊርማ አስፈለገ። ወንበሯን መድረክ ላይ አወጧት። አዳራሹ በወጣቶች ተሞልቷል፤ ሁሉም ያቺን የመጀመሪያ ሸክላ በቃሉ የያዘ ነው። ማኅተም ተቀመጠ። ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቃት ነገር ከሰባት ምት በኋላ ናት። ዶክተር ኦርጋኑን ነካ፤ ልጆቹ ጊታሩንና ቤዙን ጀመሩ፤ ማኅተምም ገባ። እጁ አልደከመም። እስከ ስድስት እንደ ድሮው ነበር። ሰባት ላይ ወደ ቀኝ፣ ወደ ትልቁ ሲምባል አዘነበለ። ወንበሯ ቀጥ ብላ ቆመች። ሲመለስ፣ በሚቀጥለው ዙር ሦስት ላይ፣ ወደ ግራ፣ ወደ ትንሹ ሲምባል ሲያዘነብል ቂጭ ብላ ወደቀች። ግማሿ ሰው በማይጠብቃት ቦታ መጣች። ልጆቹ ከወረቀታቸው ቀና አሉ። ፊተኛው ረድፍ ላይ ያለች አንዲት ልጅ ጓደኛዋን በክንዷ ነካ አደረገቻት። ደግሞ ሰባት ደረሰ፤ አዳራሹ ትንፋሹን ያዘ፤ ምንም የለም። ደግሞ ሦስት፤ ቂጭ።

ከመድረኩ ጎን የቆመው መምህር፣ አሁን እሱም ሸብቷል፣ በአክብሮት ጠጋ አለ።

“ጋሼ፣” አለው በጆሮው፣ “ግማሿ እኮ ከሰባት በኋላ ናት።”

“እሺ” አለ ማኅተም።

ዜማውን እስከ መጨረሻው መታው። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ለሽማግሌ የሚጨበጨበውን ጭብጨባ። ዶክተር አቅፎት ፎቶ ተነሳ። ዘበኞቹ ወንበሯን ወደ ሣጥኗ መለሱ።

ባልና ሚስት አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ቆሙ።

“የግራውን ለምን ቆረጥሽው?” አላት።

ቦርሳዋን በሁለት እጇ ያዘች። “የግራው አልነበረም እንዴ?”

“የቀኙ ነበር።”

“ገልብጬ ነበር የሠራኋት” አለች ቀስ ብላ። “ተገልብጣ ነው የማስታውሳት።” ከዚያ ዞር ብላ አየችው። “ቆይ። አንተ ወንበሩ እንደሆነ ታውቅ ነበር?”

“ይዘሻት የገባሽ ቀን፣ ስቀመጥባት ነው ያወቅሁት።”

“ታዲያ ለምን አትናገርም? ዓይንህን ሲገልጡ፣ ጥርስህን ሲያዩ?”

“ምን ልበላቸው? ‘እኔ አይደለሁም፣ ወንበሩ ነው’ ልበል?” አለ። “መልሼ ላላላት ብል አንድ ቪት መፍታት ነበር። ያለ ወንበሩ እችላት እንደሆነ ማየት ፈለግሁ።”

“እና?”

“ሶፋው ላይ ስታዪኝ ኖረሽ ትጠይቂኛለሽ?”

ወላጆቹ ባወጡለት ስም ጠራችው። ከዚያ፣ “እኔ እኮ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ገደልኩት እያልኩ ነው የምተኛው” አለች። “አንተ አጠገቤ ተኝተህ ታውቃለህ።”

“አንቺም ዝም ብለሽ ነበር።”

“የኔ ዝምታ ላንተ ነበር።”

አውቶቡሱ መጣ። ሁለት ባዶ ወንበር ብቻ ነበር፤ አንዱ ከፊት፣ አንዱ መጨረሻ ላይ። እሷ ከፊት ሄዳ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ተቀመጠች። እሱ እስከ መጨረሻው ሄደና የወንበሩን ጀርባ ይዞ ነቅነቅ አደረገው። ጠንካራ ነው፤ አይንቀሳቀስም። ዱላዎቹን በብብቱ ይዞ፣ እስከ ሰፈራቸው ድረስ ቆሞ ሄደ።